ማንቆርቆሪያ ከፋቹ ሽማግሌ

ሰፈር የሚቆመው በአጥርና በመንገድ ብቻ አይደለም። አንድ ሰፈር፣ ሰፈር ተብሎ እንዲጠራ፣ አንድ ነገረኛ፣ አንድ አስታራቂ፣ አንድ ወሬ አቀባይ፣ እና አንድ የሰው ማንቆርቆሪያ ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። ሦስቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። አራተኛው የለብንም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ቤቱ ማንቆርቆሪያ የለም፣ ወይ ከፋቹ ራሱ ነው።

አምቦ ላይ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ይህ ማዕረግ የክቡር ጋሽ ተድላ ነው። የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር፣ የአሁን ጡረተኛ፣ የሬዚስታንስ ጠበቃ፣ የነጩና የጥቁሩ ባላንጣ። ሬዚስታንስ ማለት፣ ላላየው ሰው፣ ማንቆርቆሪያው ወይም ምድጃው ውስጥ ተጠምጥሞ በመብራት የሚግለው ሽቦ ነው። ነጩ የሚባለው ውሃ በፈላ ቁጥር እዚያ ሽቦ ላይ እየተለጠፈ የሚጋገረው ኖራ ነው። ጥቁሩ ደግሞ ወተት ገንፍሎ፣ ሽሮ ተንተክትኮ፣ ምድጃው ሽቦ ላይ ሲያር የሚቀረው ከሰል ነው። ሌላው ሰው ሁለቱንም ቆሻሻ ብሎ ያልፋቸዋል። ጋሽ ተድላ ግን አያልፉም።

"ነጩ ያፍናል፣ ጥቁሩ ያቃጥላል" ይላሉ፣ ጣታቸውን እንደ ጠመኔ አንስተው። "ሬዚስታንስ ሙቀቷን ለውሃው መስጠት ትፈልጋለች። እናንተ ኖራ ታለብሷታላችሁ። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሷን ይበላታል። ከዚያ ደግሞ ዕቃው የማይረባ ነው ብላችሁ ባለሱቁን ትሰድባላችሁ!"

የአምቦ ውሃ ደግሞ ማዕድን አይነፈገውም። ለጨጓራ ጥሩ ነው ይባላል። ለሬዚስታንስ ጥሩ ነው ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ጋሽ ተድላ ሥራ ፈተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት ኦቦ ጀቤሳ ናቸው። ኦቦ ጀቤሳ የጋሽ ተድላ የአጥር ጎረቤት፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በክብር የተሰናበቱ፣ ንግግር የሚያሳምሩ፣ ሽማግሌ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲጣላ ይጠራሉ፣ ሰው ሲጋባ ይጠራሉ። በሕይወታቸው ያላስታረቁት ነገር ቢኖር ጋሽ ተድላንና የገዛ ቤታቸውን ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው።

ጋሽ ተድላ ሰው ቤት ሲገቡ ሥርዓታቸው አይለወጥም። "አካም ቡልተን" ይላሉ በኦሮምኛ፣ "ደህና አደራችሁ" ይላሉ ባማርኛ፣ ወንበር ሲቀርብላቸው "ቆይ እቀመጣለሁ" ይላሉ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ጓዳ። "ክፈቱት እስቲ!" የሚለው ድምፅ ሲሰማ ክዳኑ ተከፍቶ አልቋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ያወጣሉ፣ አንገታቸውን ያስገባሉ፣ ረጅም ዝምታ ይሆናል። የቤቱ ሰው፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ ይጨነቃል። በመጨረሻ ቃሉ ይመጣል። "ገብቷል" ይላሉ። "ነጩ ገብቷል።"

ከዚያ የሚከተለው ትምህርት ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል፣ አቼቶ ከሌለ ሎሚ ተጨምቆ፤ ሞቅ ብሎ፣ ከመብራቱ ተነቅሎ፣ እስኪበርድ መተው፤ ኖራው በራሱ ጊዜ እየተንጫጫ ይለቃል። ከዚያ ማለቅለቅ፣ አንድ ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ መድፋት። የተረፈ ውሃ ውስጧ አለማሳደር። ምድጃው ላይ የፈሰሰውን፣ ሽቦው ቀዝቅዞ ከመብራቱ ሲለያይ፣ ሳይውል ሳያድር መጥረግ። ቢላ ግን፣ ቢላ ግን! ኖራውን በቢላ የሚፍቅ ሰው ያዩ ቀን ጋሽ ተድላ ድምፃቸው ይሰበራል። "ጫርካት እኮ! ቆዳዋን ላጥከው! አሁን ኖራው ጥፍሩን የሚተክልበት ቦታ አገኘ" ብለው የሰውየውን እጅ ይይዛሉ። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ቢላውን አስቀምጦ ይቅርታ ሲጠይቅ የታየው ሬዚስታንሷን ራሷን ነው።

ልቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት እናቱ አርፈውበት፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ተክዞ ተቀምጦ ሳለ፣ ጋሽ ተድላ ለለቀስተኛ ውሃ የሚፈላበትን ትልቁን ማሞቂያ አይተው ተመለሱና ባለልቅሶው ጆሮ ሥር ተጠጉ። "እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ" አሉ። "ግን ልንገርህ፣ ይቺም ብዙ አትቆይም።" ሰውየው ታማ አልጋ ላይ ያለችውን አክስቱን አስታውሶ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረ። ኦቦ ጀቤሳ ናቸው ነገሩን አስረድተው ለቅሶውን ያስቆሙት።

ሁሌም ልክ ናቸው ማለት ደግሞ አይደለም። ወሰንየለሽ የምትባለው ጎረቤታቸው ምስክር ናት። አንድ ጠዋት ጋሽ ተድላ በጓሮ በር ገብተው፣ ማንቆርቆሪያዋን ፈትሸው፣ አቼቶ ሞልተውባት፣ ለማንም ሳይናገሩ ወጡ። በዚያው ዕለት የዕድር ሴቶች ስብሰባ ወሰንየለሽ ቤት ነበር። ሻይ ቀረበ። ሴቶቹ አንድ አንድ ጉንጭ ጎንጨት እያሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ግን ባለቤቷን ላለማሳፈር "ሎሚ ነው ኣ? ደስ ይላል" እያሉ ብርጭቆውን ጨረሱት። ኋላ ነገሩ ሲወጣ ጋሽ ተድላ ቅንጣት አላፈሩም። "አቼቶ ለሆድም ጥሩ ነው" አሉ። "ውስጣችሁ ምን እንደተጋገረ ማን ያውቃል?"

ወሰንየለሽ አንድ ሳምንት አኩርፋቸው ነበር። ሳምንቱ ሲያልፍ ግን ሌላ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ የእህቷን ነው ብላ፣ ደጃቸው ቆመች።

ኦቦ ጀቤሳ በዚህ ሁሉ የሚስቁትን ያህል ይናደዳሉ። የሰው ቤት የሰው ቤት ነው ብለው ያምናሉ። ሰው ሲጠራህ ትገባለህ፣ ካልጠራህ በር ላይ ቆመህ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ ወደ ጓዳ ደግሞ ከቶ አትመለከትም። እሳቸው ያደጉት እንዲህ ነው። ስለዚህ የፍሮምሳ ነገር ጋሽ ተድላ እጅ ላይ የወደቀ ቀን ኦቦ ጀቤሳ እህል አልበላ አላቸው።

ፍሮምሳ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ከገዛ ልጆቻቸው ለይተውት አያውቁም። አሁን ግብርና መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ከኋላ ባለው ቤት ይኖራል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ዶርቃስ የምትባል የጌዶ ልጅ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። አባቷ ኦቦ ዓብዲሳ በከብት ንግድ የታወቁ፣ ቃላቸው የሚፈራ ሰው ናቸው። ዶርቃስ ደግሞ "አባቴ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

ኦቦ ጀቤሳ ሽማግሌ ይዘው ሁለት ጊዜ ጌዶ ወጥተዋል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ያ የወግ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። በሁለተኛው ግን ኦቦ ዓብዲሳ ሲያደምጡ ቆዩና እንዲህ አሉ። "እናንተ የመጣችሁት ሁሉ ዘመዶቹ ናችሁ። ዘመድ ምን ይላል? ያመሰግናል። ልጁንም ሰፈሩንም የሚያውቅ፣ ዘመዱ ያልሆነ ሰው ይዛችሁ ኑ። ያኔ የመጨረሻ ቃሌን እነግራችኋለሁ።"

የመጨረሻ የሚለውን ቃል ኦቦ ጀቤሳ መንገዱን ሙሉ ሲያላምጡት መጡ። እሺ ከሆነ እሺ ነው። እንቢ ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አይላክም፣ ልጁም የልቡን ሰው አጥቶ ይቀራል።

ቤት ገብተው ሲመክሩ ጎረቤታቸው ሰይፈዲን አብሮ ሊሄድ ተስማማ፤ ባለሱቅ ነው፣ መኪናም አለው፣ ዘመድም አይደለም። ነገር ግን ሰፈሩ ከመጣ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፣ የፍሮምሳን ልጅነት አያውቅም። አንድ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ፍሮምሳ አንገቱን ደፍቶ "ጋሽ ተድላ አስተምረውኛል" አለ።

"ማሎ፣ እባክህ ልጄ!" አሉ ኦቦ ጀቤሳ። "ማሎ! እኝህን ሰውዬ የሰው ቤት ይዤ ልገባ?"

"ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቀኝ ዘመድ ያልሆነ ሰው የለም፣ አባባ።"

ኦቦ ጀቤሳ ገና መልስ ሳይሰጡ በአጥሩ ማዶ የካውያ ክዳን ሲከደን ተሰማ። ጋሽ ተድላ ነገሩን በአጥር ሰምተው ሱፋቸውን መተኮስ ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ይቅሩ ማለት የሚቻል አልሆነም።

በጉዞው ጠዋት ኦቦ ጀቤሳ መኪናው ሳይነሳ ቃል አስገቧቸው። "ጋሽ ተድላ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ነጩ የሚባል፣ ጥቁሩ የሚባል፣ ሬዚስታንስ የሚባል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። የልጅ ሕይወት ነው።"

"ልጅ አደረግኸኝ እንዴ ጀቤሳ?"

"ይማሉልኝ።"

"እሺ። ቃል ከአፌ አይወጣም" አሉ ጋሽ ተድላ። ኦቦ ጀቤሳ ስለ እጃቸው ማስማል እንደነበረባቸው ያስታወሱት ጉደርን ካለፉ በኋላ ነው።

የጌዶ ብርድ ገና ከመኪና ሲወርዱ ተቀበላቸው። ኦቦ ዓብዲሳ በር ላይ ወጥተው በክብር ተቀበሏቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። ኦቦ ጀቤሳ ጋቢያቸውን አስተካክለው ንግግራቸውን ጀመሩ። ያን ቀን የተናገሩትን ያህል አሳምረው ተናግረው አያውቁም። ሰይፈዲን የልጁን ታማኝነት መሰከረ። ጋሽ ተድላም ተራቸው ሲደርስ ስለ ተማሪያቸው ስለ ፍሮምሳ እንዲህ አሉ፦ "ክፍል ውስጥ ሲያጠፋ 'እኔ ነኝ' የሚል ልጅ ነበር። ሌላውን ትምህርት ይረሳዋል፣ ይህን ግን የሚረሳ ሰው አላየሁም።" ጥሩ ተናገሩ። ኦቦ ጀቤሳ ጎናቸውን ነካ አድርገው አመሰገኗቸው።

ኦቦ ዓብዲሳ "ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቡፌው ላይ ከተቀመጠው ማንቆርቆሪያ ሻይ ቀድተው በየፊታቸው አኖሩ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም እህል ውሃ አይቀምስም፤ ስለዚህ ሻዩ ቀርቦ እንፋሎቱን እያወጣ ተቀመጠ፣ ማንም አልነካውም። ባለፉትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ቀርቦ እንዲሁ ቀዝቅዞ ነው የተመለሰው። ኦቦ ዓብዲሳ ጢማቸውን እየዳሰሱ ማሰብ ያዙ።

ኦቦ ጀቤሳ ይህን ዝምታ ያውቁታል። እሺም እንቢም የሚወለደው ከእንዲህ ያለ ዝምታ ነው። ትንፋሻቸውን ይዘው ሳሉ፣ ከጎናቸው ብርጭቆ ሲነሳ አዩ። ጋሽ ተድላ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አውጥተው ያገላብጡታል። ሻዩ ጠቁሯል፣ ደፍርሷልም፤ ላዩ ላይ የሆነ ስስ ነገር ተንሳፍፏል። ኦቦ ጀቤሳ በክርናቸው ጎሸሟቸው። ጋሽ ተድላ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ተመስገን፣ አሉ ኦቦ ጀቤሳ በልባቸው።

ተመስገን ብለው ሳይጨርሱ ጋሽ ተድላ ተነሡ። ቃላቸውን አላጠፉም፤ ከአፋቸው አንድ ነገር አልወጣም። ዝም ብለው ወደ ቡፌው ሄዱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አወጡ፣ የሰውን ማንቆርቆሪያ ክዳን ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ።

ሰይፈዲን ምንጣፉን ማጥናት ጀመረ። ኦቦ ጀቤሳ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስታቸው ነበር። ያሳደጉት ልጅ ፊት መጣባቸው፣ ምን ብለው እንደሚነግሩት ጠፋባቸው።

"ሽማግሌው ምን ፈልገው ነው?" አሉ ኦቦ ዓብዲሳ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ጋሽ ተድላ ቀና አሉ። ቃል የገቡት ኖራውን ሳያዩ በፊት ነበር። "ወይዘሮ ወርቅቱ" አሉ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ውሃ ከየት ነው የቀዱት?"

ወይዘሮ ወርቅቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ምን ሆነ? ቆሻሻ ነበረው እንዴ?"

"ቆሻሻ አይደለም። ነጭ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። ጌዶ ዝናብ አገር ነው፣ ውሃው ለስላሳ ነው፣ እንዲህ ያለ ኖራ አይጋግርም። ሻዩም የጠቆረው በቅጠል ብዛት አይደለም።" ጋሽ ተድላ ክዳኑን እንደያዙ ወደ ኦቦ ጀቤሳ ዞሩ። "ጀቤሳ፣ ይህ ኖራ የጌዶ አይደለም። የኛ ነው። እዚህ ውስጥ የፈላው አምቦ ውሃ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው።"

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ወርቅቱ አየ። ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

"የአምቦ ሰዎች ይመጣሉ ስትሉኝ" አሉ፣ "የለመዱት ውሃ አይጉደልባቸው ብዬ ነው። ከሱቅ አስመጣሁ። ሻይ ጥሩ የሚሆነው በራሱ ውሃ ሲፈላ አይደል? እናንተ አገር የምትጠጡት እሱን መስሎኝ።"

ሰይፈዲን ምንጣፉን ማጥናት ትቶ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አምቦ ተወልዶ አምቦ ያደገ ሰው በሕይወቱ ሻይ በጠርሙሱ አምቦ ውሃ አፍልቶ አያውቅም።

"ጋዙ ሲፈላ ይሄዳል፣ እመቤቴ" አሉ ጋሽ ተድላ ለስለስ ብለው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ። "ኖራው ግን ይቀራል። አንድ ቀን ቢሆን ይህን ያህል ባልጋገረ ነበር። ባለፈውም እንዲሁ አፍልተውልናል ማለት ነው።"

"ሦስቱንም ጊዜ" አሉ ወይዘሮ ወርቅቱ። "አልጠጣችሁልኝም እንጂ።"

ኦቦ ዓብዲሳ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ሦስቱንም ጊዜ? እኔ እሺ ሳልል?"

"አንተ ቀጠሮ ትሰጣለህ" አሉ ወይዘሮ ወርቅቱ። "እኔ ደግሞ ውሃ አፈላለሁ።"

ከጓዳ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ዶርቃስ በሩ ሥር ቆማ ታዳምጥ ኖሯል። ኦቦ ጀቤሳ ግን መሳቅ አልቻሉም። ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጃቸውን አጣመሩ። "ኦቦ ዓብዲሳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሽማግሌ ሆኖ የሰው ጓዳ የሚፈትሽ፣ የሰው ዕቃ የሚከፍት፣ ይህ በኛም አገር ነውር ነው። በዚህ ምክንያት በልጁ ላይ አይፍረዱበት።"

ኦቦ ዓብዲሳ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። "ሰውዬው ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?"

ኦቦ ጀቤሳ መዋሸት ይችሉ ነበር። ዛሬ ብቻ ነው፣ ብርዱ ነው፣ እርጅና ነው ማለት ይቻል ነበር። "ሁልጊዜ" አሉ።

"ሳይጠሯቸው ይገባሉ?"

"ይገባሉ።"

"ይውጡልን ቢባሉስ?"

"ይወጣሉ። ግን ይመለሳሉ።" ኦቦ ጀቤሳ ተስፋ ቆርጠው ተቀመጡ። "ምን ላድርግ፣ አጥር ለአጥር ነን። የፍሮምሳ ቤት ደግሞ ከእሳቸው ጓሮ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው።"

ኦቦ ዓብዲሳ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን መዳሰስ ተዉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዷል።

"ታላቅ እህት ነበረችኝ" አሉ። "አንድ ትልቅ ከተማ ለሚኖር ሰው ዳርናት። ሰፈሩ ጥሩ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ጨዋ፣ የሰው ነገር የማይነካ፣ የሰው በር የማያንኳኳ። ታመመች። በሯን ዘግታ ነው የታመመችው፣ ባሏ ሥራው ከአገር አገር የሚያዞረው ስለነበር አያይም። ሁሉም ጨዋ ስለሆነ ማንም አልከፈተም። እኛ የደረስነው ለቀብር ነው።" ወደ ኦቦ ጀቤሳ ዞሩ። "ሁለት ጊዜ የመለስኳችሁ ልጁን ንቄ አይደለም። ልጁ ጥሩ ነው። እኔ የምፈራው ጨዋ ሰፈር ነው። እናንተ በመጣችሁ ቁጥር 'ሰፈራችን ሰላም ነው፣ ማንም በማንም አይገባም' ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ እሱን ስሰማ እንቅልፍ አጣለሁ።"

ኦቦ ጀቤሳ ያን ቃል የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ፣ አሳምረው።

ኦቦ ዓብዲሳ አሁንም ክዳን ይዘው ቡፌው አጠገብ ወደቆሙት ጋሽ ተድላ ተመለከቱ። "በማያውቁት ሰው ቤት ገብተው የሻይ ዕቃ ታምሟል ብለው የሚጨነቁ ሰው፣ ልጄ ከስታ ቢያዩ ዝም ይላሉ?"

"እንዴት ዝም እላለሁ?" አሉ ጋሽ ተድላ ተቆጥተው። "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"እንግዲያው ሰጥቻለሁ" አሉ ኦቦ ዓብዲሳ። "ልጄን ሰጥቻለሁ። እዚያ አጥር ሥር ትኑርልኝ።"

እልልታው ከጓዳ ሲወጣ ኦቦ ጀቤሳ እንባቸው መጣ፣ ማንም እንዳያየው ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አሉ። ጉዳዩ ስለተፈጸመ ሻዩ ይጠጣል። ቀዝቅዟል፣ ደፍርሷል፣ ጨው ጨው ይላል። ሦስቱም ሽማግሌዎች እስከ አተላው ጠጡት። ኦቦ ጀቤሳ እንደዚያ የጣፈጣቸው ሻይ የለም። ጋሽ ተድላ የጨረሱትን ብርጭቆ አስቀምጠው ወዲያው "አሁን ሎሚ ይምጣልኝ" አሉ። ኦቦ ዓብዲሳ ራሳቸው ተነሥተው ሎሚ ሊያስመጡ ወጡ።

ሠርጉ ተሠርቶ፣ ዶርቃስ አምቦ ከገባች ክረምቱ አልፎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጀቤሳ ልጆቹን ሊጠይቁ ከኋላ ወዳለው ቤት ጎራ አሉ። ፍሮምሳ ሥራ ላይ ነበር። ዶርቃስ ጓዳ ውስጥ ምስር ወጥ እየሠራች ነው። ኦቦ ጀቤሳ ውሃ ሊጠጡ ብለው ሲያልፉ ዓይናቸው ማንቆርቆሪያው ላይ ወደቀ። እንዴት እንደሆነ ለራሳቸውም አልገባቸውም፣ ብቻ እጃቸው ሄደና ክዳኑን ከፈተው። ውስጡ ኖራ ብቻ ነው። ሬዚስታንሷ ጠፍታለች ማለት ይቻላል።

"ልጄ" አሉ ደንግጠው፣ "ቤት ውስጥ ሎሚ የለም እንዴ?"

"አለ፣ አባባ" አለች ዶርቃስ፣ በማማሰያዋ ወደ ቅርጫቱ እየጠቆመች። ቅርጫቱ ሎሚ ሞልቷል። አቼቶውም ጎኑ ተቀምጧል።

"ታዲያ እንዴት እንዲህ ጋገርሽው? ጋሽ ተድላ ቢያዩሽ ጉድሽ ነው።"

ዶርቃስ ሳቀች። ወጡን አማስላ፣ ክዳኑን አጋድማ፣ ወደ እሳቸው ዞረች። "ይዩት እንጂ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እራት አብረውን ይብሉ ብላቸው 'በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ' ነው የሚሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚበሉት፤ አንዳንዴም አይበሉም፣ በመስኮቱ አያለሁ። ማንቆርቆሪያውን ሊያዩ ከመጡ ግን አቼቶው እስኪሠራ ይቀመጣሉ። ከተቀመጡ ደግሞ ይበላሉ። ካጸዳሁት በምን ሰበብ ይገባሉ?"

ኦቦ ጀቤሳ ከእኝህ ሰውዬ ጋር አጥር ለአጥር ሲኖሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፣ የሰፈሩን ማንቆርቆሪያ ሁሉ ማን እንደሚያየው ያውቃሉ። እሳቸውን ማን እንደሚያያቸው ግን ይህች ከጌዶ የመጣች ልጅ ናት ያሰበችው።

ማንቆርቆሪያውን እንደነበረ ከደኑት። ወጡ ሽታው ደርሷል። ኦቦ ጀቤሳ ወደ ጓሮ ወጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያ አሳምሮ በሚናገረው ድምፃቸው ተጣሩ።

"ጋሽ ተድላ! ኧረ ጋሽ ተድላ፣ ቶሎ ይምጡ! እዚህ ቤት ጉድ ፈልቷል!"